በጎ ፈቃደኛውን ከአውቶቡስ ኋላ አታቁሙት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። እንደ ሸጎሌና የካ ያሉ ዴፖዎች አንድ ቀን ለነዋሪው ክፍት ሆነው ቢጎበኙ ከማንም በላይ ደስ ይለኛል፤ የአንበሳ አውቶቡስ መሪ ጨብጦ የሚስቅ ሕፃን ማየት የማይወድ ማን አለ? የሚያሰጋኝ የአስተናጋጆቹ ነገር ነው። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የተመዘገቡ ወጣቶች በዚያው ጠዋት አንጸባራቂ ሰደርያ ተሰጥቷቸው «እንግዶቹን አስተናግዱ» እንዳይባሉ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጋራዥ፣ በጉብኝት ቀን አንድ ተማሪ ወደ ኋላ የሚመጣ አውቶቡስ «ና፣ ና» እያለ እንዲያስገባ ታዘዘ። ልጁ ትጉህ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ልክ መሃል ላይ ቆመ። ፊሽካዬን ነፋሁ። አውቶቡሱ ሲቆም በመካከላቸው የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። ሁሉም ልጁን ተቆጡት። እኔን ያናደደኝ ግን ያዘዘው ሰው ነው፤ «የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላየህ እርሱም አያይህም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ጋራዥ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ፎሳው፣ ከመኪና ሥር ገብተን የምንሠራበት ጉድጓድ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የፍሬን አየሩ የሞላ አውቶቡስ የእጅ ፍሬኑን ለመልቀቅ የልጅ እጅ ይበቃዋል፤ ጎማው ሥር ታኮ ካልተደረገ በተዳፋት ላይ ይንከባለላል። የቃሊቲው የቀላል ባቡር ዴፖ ከሆነ ደግሞ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ይሸከማል። ለድምቀት ተብሎ ረጅም የባንዲራ ዘንግ የያዘ ወጣት ከሥሩ ሲያልፍ ማን ያስቆመዋል? ሌላው በጎ ፈቃደኛ? እርሱስ በምን ያውቃል?

ወጣቶቹ ይቅሩ አልልም። በሩን፣ ሰልፉን፣ ከወላጁ የጠፋውን ሕፃን ከእነርሱ የተሻለ የሚይዝ የለም። ነገር ግን በዋዜማው ግማሽ ቀን ግቢውን በእግራቸው ይዙሩ፤ እያንዳንዱም የሚቆምበትን ቦታና ችግር ሲያይ የሚጠራውን ሰው ይወቅ። የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪና የፎሳው ዳር ለሠራተኛው ይተው።

የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይበዛል እንደምትሉ አውቃለሁ። እንግዲያው የሚታዩትን አውቶቡሶች ሦስት አድርጓቸው፤ ታኮ አድርጋችሁ ባትሪያቸውን ንቀሉ። ለወጣቶቹ የሚያስረዳ ሰው ካጣችሁም ጡረታ የወጣን መካኒኮች አለን። ክፍያ አንጠይቅም። ፊሽካዬንም ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ጡረተኛ መካኒክ