ደብዳቤ ለልጄ፦ ለጥር የወፍ ቆጠራ

ይድረስ ለልጄ፣

በጥር ለሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ መመዝገብሽን ሰማሁ፤ ጎበዝ። ፈረንጆቹ «የክረምት ቆጠራ» ይሉታል፤ እኛ ዘንድ እኮ በጋ ነው፣ ወፎቹም የመጡት ያንን ክረምት ሸሽተው ነው።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቦታሽ ላይ ሁኚ። ረፋድ ላይ ነፋስ ከተነሣ ማዕበሉ ዳክዬዋን አንዴ ያሳይሻል፣ አንዴ ይደብቃታል። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ። በፎገራ በኩል ጠዋት ወደ ጣና ሐይቅ ስታዪ እንዲሁ ከጀርባሽ ናት፤ ዘጌ ላይ ሆነሽ ወደ ምሥራቅ ካየሽ ግን ወፉ ሁሉ ጥቁር ይሆንብሻል፤ እዚያ ከሰዓት ይሻላል።

ትልቅ መንጋ አንድ በአንድ አይቆጠርም። 10 ዳክዬ ቁጠሪና የያዙትን ስፋት ዓይንሽ ይልመደው። ያንን ስፋት 10 ጊዜ ስትደረድሪው 100 ነው፤ ከዚያ በመቶ በመቶ መንጋውን ሸፍኚው። መለኪያሽን ከዳር ከወሰድሽ ዳሩ ስለሚሳሳ ድምሩ ያንሳል፤ ከመሃል ከወሰድሽ ይበዛል፤ መካከለኛውን ምረጪ። ከግራ ወደ ቀኝ ቆጥረሽ ስትጨርሺ ከቀኝ ወደ ግራ ድገሚው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሦስተኛ ቁጠሪ እንጂ አማካይ አትውሰጂ። የታንኳ ቀዛፊ አልፎ መንጋው ከተነሣ እስኪያርፍ ጠብቀሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ክሬኖቹ፣ እነዚያ አንገተ ረጃጅምና እግረ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች፣ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቀን በታጨደው ማሳ ላይ ተበትነው ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተሰብስበው ያድራሉ። ማሳው ላይም ማደሪያቸው ላይም ከቆጠርሽ አንዱ ወፍ ሁለት ይሆናል። ሲገቡ ብቻ ቁጠሪ፤ የመጡበትን አቅጣጫና ሰዓቱንም ጻፊ፣ የጎረቤት ቡድን ቁጥሩን ከእናንተ ጋር የሚያስታርቀው በዚያ ነው። ግራጫዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው ጥቁሮቹ የእኛው ስለሆኑ ለብቻ ይመዝገቡ።

ደንገልና እምቦጭ ውስጥ የተደበቀውን በግምት አትጨምሪ፤ ያየሽውን ብቻ። ዝርያውን ካልለየሽ «ያልታወቀ ዳክዬ» በይ። ወፍ የሌለበት ቦታ ላይ 0 ጻፊ፤ ክፍት ከተውሽው ያልሄድሽበት ይመስላል።

አንዷ ትቁጠር፣ ሌላዋ ትጻፍ፤ ዓይን ከመነጽሩ በተነሣ ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋል። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈሳል። ነጭ ነጠላ አትልበሺ፣ ከሩቅ ያዩሻል። ጠዋት ስለሚበርድ ከላይ ጠቆር ያለ ሹራብ ደርቢ።

እናትሽ