መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይፈታ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሳሪስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የቤንዚን ሞተር የምሠራ መካኒክ ነኝ። በሙያው 24 ዓመት ሆነኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ወር ያየሁት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

አንድ ወጣት ቶዮታ ፎርራነር ይዞ መጣ። በፈረንጅ 1998 የተሠራ፣ 3.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ሚስ ያደርጋል፤ አንዱ ሲሊንደር ሳያቀጣጥል ይዘላል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ መሪው ይርገፈገፋል። የጎተራን ማሳለጫ ሲወጣ ጉልበት ያጣል። ከእኔ በፊት ሁለት ጋራዥ ገብቷል። አንደኛው ስድስቱንም ካንዴላ አስቀየረው። ሁለተኛው ለካንዴላ እሳት የሚሰጡትን ሦስት ቦቢናዎች፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑን። መኪናው ያው ነው። በመጨረሻ «ስድስቱንም ኢንጀክተር ግዛ፣ ማኒፎልዱ ይፈታል» አሉት። ኢንጀክተር ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ ነው፤ ማኒፎልድ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው። ልጁ በዚህ መኪና እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያስተዳድራል። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ የሚያበድረኝ ሰው የለም» ሲለኝ በሙያዬ አፈርኩ።

ስካን አደረግኩት። ፒ 0306 የሚል የብልሽት ኮድ ሰጠ፤ ሚስ አለ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ሲሊንደሩን ነው የሚነግረን፤ 6ኛው ነው። ኮዱ ምክንያቱን አይናገርም። የእሳት፣ የቤንዚን ወይም የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር) ችግር ሊሆን ይችላል። ያንን መለየት የመካኒኩ ሥራ ነው።

በዚህ ሞተር አንድ ቦቢና ሁለት ሲሊንደር ያቀጣጥላል። 3ኛና 6ኛ አንድ ቦቢና ነው የሚጋሩት። 3ኛው ደህና እየሠራ ቦቢናውን መጠርጠር ያስቸግራል። ያም ሆኖ ከሌላው ጋር አቀያየርኩት፤ ሚሱ ከ6ኛ ንቅንቅ አላለም። ኮምፕሬሽን ለካሁ፣ ከሌሎቹ እኩል ነው። ካንዴላውን ፈትቼ አሸተትኩት። ደረቅ ነው፣ ቤንዚን አይሸትም። እሳት ያጣ ሲሊንደር ቢሆን ካንዴላው በቤንዚን ይርስ ነበር። እዚህ ግን ቤንዚኑ ራሱ አልደረሰም።

ኢንጀክተሩ ጋ ደረስን። በዚህ ሞተር ኢንጀክተሮቹ ከላይኛው ማኒፎልድ ሥር ተቀብረዋል። 6ኛው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ሞተሩን ከሾፌሩ ክፍል ወደሚለየው ላሜራ ተጠግቶ። እጅ አይገባም። እጅ ካልገባ አይለካም ብለን እናስባለን፣ እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። ይለካል።

የኢንጀክተሮቹ ሽቦ መጨረሻው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። የዚህ መኪና ኮምፒውተር ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ይገኛል። ቁልፉን አጠፋሁ፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት አወጣሁ። የሽቦ ካርታውን እያየሁ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሽቦ እስከ ስድስቱ የጋራ ፖዘቲቭ መስመር ያለውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቴስተር ለካሁ። አምስቱ 14 ኦም አካባቢ አሳዩ። ለዚህ ሞተር ጤነኛ ቁጥር ነው። 6ኛው ላይ ቴስተሩ ምንም አላነበበም። መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

ኢንጀክተሩ ይሆን ወይስ ሽቦው? ረዳቴ ቴስተሩን እንዲያይ አድርጌ፣ ከሞተሩ ኋላ የሚያልፈውን የሽቦ ጥቅል ይዤ ነቅነቅ አደረግኩት። «ጋሼ መጣ! 14 መጣ!» ብሎ ጮኸ። ስለቀው ጠፋ። ሽቦው ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ፣ እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል። ቀጠልኩት፣ በስታኞ በየድኩት፣ ሸፈንኩት። ማኒፎልዱ አልተፈታም፣ አንድም ኢንጀክተር አልተገዛም። ሞተሩ ተነስቶ ሚኒሞው ሲረጋ ልጁ ግንባሩን መሪው ላይ ደግፎ ብዙ ቆየ።

ኦሙ ትክክል መጣ ማለት ግን ኢንጀክተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ጤነኛ ሆኖ ቤንዚን የሚረጭበት ቀዳዳ በቆሻሻ ሊደፈን ይችላል። ረጅም ካቻቢቴ አስደግፈን እጀታው ላይ ጆሯችንን ስናደርግ ጠቅ ጠቅ ሲል እንሰማለን። የተደፈነውም ጠቅ ይላል። ይህን የሚለየው የቤንዚን ግፊት ጌጅ ነው። ጌጁን አስሮ እያንዳንዱን ኢንጀክተር እኩል ጊዜ መክፈት፣ ግፊቱ ስንት እንደወረደ መጻፍ፣ ግፊቱን መልሶ ሞልቶ ወደ ሚቀጥለው መሄድ። ከሌሎቹ አንሶ የወረደበት እሱ ተደፍኗል። እሱም ቢሆን ከሽቦው መጨረሻ በኩል ስለሚሠራ ማኒፎልድ መፍታት አያስፈልግም። በቀጥታ ከባትሪ ሽቦ እየሰጡ መሞከርን ግን አልወደውም። ከቆየ ጥቅልሉን ሊያቃጥል ይችላል።

ባለ መኪኖች ሆይ፣ «ቀይር» ስትባሉ «ምን ለካችሁ? ስንት አሳየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። የተፈታውንም ዕቃ ተቀበሉ፣ የእናንተ ነው። የሙያ ጓደኞቼ፣ ደህና ቴስተር ከአንድ ኦሪጅናል ኢንጀክተር ይረክሳል።

ልጁ አዲሶቹን ሦስት ቦቢናዎች ወደ ገዛበት ሱማሌ ተራ ይዞ ሄዶ ነበር። የተገጠመ ዕቃ አይመለስም ብለውታል። አሮጌዎቹ፣ ምንም ያልሆኑት፣ እዚያው ጋራዥ ቀርተዋል።

ከሳሪስ፣ አንድ መካኒክ
አዲስ አበባ