ለአሳዳጊዎች ቡና፣ ለልጆች አሸዋ፦ የድጋፍ ጥሪ ከባሕር ዳር

የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ወይም ባጃጅ ድንገት ሲያፈነዳ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ባለጌ አይደለም። ተኩስ የለመደ ሰውነት ድምፁ ከምን እንደመጣ እስኪያጣራ አይጠብቅም። ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ምክርም አይሰማም። ያኔ «ምንም የለም፣ አትፍራ» ቢሉት ከንቱ ነው። መጀመሪያ አጠገቡ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ድምፅን ቀንሶ ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ ሲረጋ ደግሞ «ደነገጥክ አይደል? አለሁልህ» ማለት ያስፈልጋል።

ልጅ መረጋጋትን የሚማረው ከተረጋጋ ትልቅ ሰው ነው። ተፈናቅላ የመጣች፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ቀኑን ሙሉ ለኪራይ የምትሮጥ እናት ይህን እርጋታ ከየት ታምጣው? ለዚህ ነው በከተማችን በዘመድ ቤትና በኪራይ ለተጠጉ ቤተሰቦች ባሰናዳነው የ8 ሳምንት መርሐ ግብር ከኳስና ከአሻንጉሊት በፊት ቡና የምንለምነው።

አንድ ዙር 12 ልጆችንና 12 አሳዳጊዎችን ይይዛል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይገናኛሉ። አሳዳጊዎቹ ቡና ሲጠጡ ልጆቹን ሁለት ሞግዚቶች ይይዛሉ። ይህ ከሌለ እናቶቹ ዐይናቸው በር ላይ እንደሆነ ሰዓቱ ያልቃል። ልምምዱ በሲኒው ይጀመራል፦ ሽታውን በአፍንጫ እስከ ሦስት እየቆጠሩ መሳብ፣ ከዚያ እንደሚያቀዘቅዙ አድርገው እስከ አምስት እየቆጠሩ በቀስታ እፍ ማለት። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀዝቀዝ ስለሚል ማውጫው ከመሳቢያው ይርዘም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አየር በኃይልና ቶሎ ቶሎ በመሳብ ነው፤ ያ ያዞራል፣ ፍርሃቱንም ያባብሳል። «ዐይናችሁን ጨፍኑ»ም አንልም፤ ጨለማ የሚያስፈራው ልጅ አለና ወለሉን ቢያይ ይበቃል።

ልጆቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የከበሮ ምት ይጀምራሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ራሱ ያረጋጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ጭኑ ላይ ያኖራል፣ በእጁ ይጨምቃል፣ ይለቃል። ከረጢቱ ከድርብ አቡጀዲ በድርብ ስፌት ይሠራል። አሸዋው ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ከረጢቱ ደረትና አንገት ላይ አይደረግም፣ ይዘውት አይተኙም። አሸዋውን ከነጋዴ እንገዛለን፤ ብልሃርዝያ ስላለ ልጆችን ጣና ውኃ ውስጥ ገብታችሁ አምጡ አንልም።

አንድ ነገር በጥብቅ እንከለክላለን፦ ልጁ ያየውን እንዲናገር መጎትጎት። ራሱ ካነሳው እናዳምጣለን፣ ካላነሳው አንቆፍርም። አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅም አይገረፍም፣ አይሾፍበትም፤ ጭንቀት የሚያመጣው ነገር ነው። ቅዠቱ ከወር በላይ ከቀጠለ፣ መብላት ከተወ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ጉዳዩ ከእኛ ልምምድ በላይ ነው። የሞት ቃል ከተሰማ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እንወስደዋለን፤ የባጃጅ ሒሳብ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው።

ለአንድ ዙር፣ ማለትም ለ16 ቀን፣ የሚያስፈልገን፦ 4 ኪሎ ቡና (በቀን ሩብ ኪሎ)፣ 8 ኪሎ ስኳር፣ 6 ሰፋፊ ምንጣፍ፣ አንድ ከበሮ፣ 4 ሜትር አቡጀዲና 8 ኪሎ አሸዋ ለ15 ከረጢት፤ ሦስቱ ለሚቀደደው መተኪያ ናቸው፤ ከላይ ያነሳነው የባጃጅ ሒሳብም አለ። ከሁሉ የከበደን የሁለቱ ሞግዚቶችና ልምምዱን የሚመሩት የሁለቱ አሠልጣኞች አበል ነው። ለዚህ የሚሰጥ ሰው ስለማይገኝ ገንዘብ የምትሰጡ ሁሉ «ለአበል» ብላችሁ ብትሰጡን ትልቅ ውለታ ነው።

ዕቃውንም ገንዘቡንም በየሰፈራችሁ ዕድር ዳኛ በኩል አስመዝግባችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ስጡ። ያገለገለ ምንጣፍም እንቀበላለን፤ ታጥቦ ፀሐይ ይምታው ብቻ።