የኮምፒውተር ክበብ፦ ያለ ካቻቢቴ የሚፈታው ማሽን

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ከሞላ ጎደል ያሳለፈው በአንድ ማሽን ዙሪያ ነው። አንድ ወላጅ ከመሥሪያ ቤታቸው ግምጃ ቤት አስፈቅደው ያመጡልን አይቢኤም ፒኤስ/2 ሞዴል 50 ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1987 ለቢሮ ሥራ ሲወጣ ዋጋው 3,595 ዶላር ነበር። ፕሮሰሰሩ በ10 ሜጋኸርዝ የሚሠራ 80286፣ ሜሞሪው 1 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 20 ሜጋባይት ነው። ልጆቹ በስልካቸው የሚቀርጿትን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንኳ አይችልም።

ከኋላ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች በጣት ፈትተን ክዳኑን ስናነሳ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሽቦው የታል?» ብለው ነው። እውነትም የለም ማለት ይቻላል። ፍሎፒ ድራይቩ (ዲስኬት የሚያነበው ክፍል) በሐዲዱ ላይ ተንሸራቶ ገብቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ካርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ላይ ይሰካል፤ ሃርድ ዲስኩም እንደዚሁ። ሽቦ ከሌለ የሚላቀቅ ነገር የለም፤ ቴክኒሻኑም የተበላሸውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀይሮ ይሄዳል። ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላየሁም።

ስናበራው 161 እና 163 የሚሉ ቁጥሮች ወጡ። የመጀመሪያው ባትሪው መሞቱን፣ ሁለተኛው ቀንና ሰዓት አለመሞላቱን ይናገራል። ባትሪው የፎቶ ካሜራ 6 ቮልት ሊቲየም ስለሆነ ከፎቶ ዕቃ መሸጫ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱን የሚያዋቅርበት ሪፈረንስ ዲስኬት ያስፈልገዋል፤ ፋይሉን ከኢንተርኔት አውርደን በዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ጻፍነው።

ማይክሮ ቻናል የተባለው የካርድ መሰኪያው ብዙ አከራክሮናል። በዚያ ዘመን ካርድ ሲገጠም በእጅ ይነካኩ የነበሩትን ጥቃቅን መቀየሪያዎች አስቀርቶ ማዋቀሩን ለሶፍትዌር ሰጠው፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የቀድሞዎቹ ካርዶች አይገቡበትም፤ ሌሎች አምራቾችም ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮምፓክና ሌሎች ስምንት ኩባንያዎች ኢአይኤስኤ የሚባል የራሳቸውን መሰኪያ ይዘው መጡ። ለጠጋኝ እጅ ክፍት የሆነን ማሽን ለሌላ አምራች መዝጋት፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ ጥፋት ነበር።

የስክሪን መሰኪያውን ግን ልጆቹ ወዲያው አወቁት፤ ከፕሮጀክተራችን ጋር የምናገናኘው ቪጂኤ ነው። ከዚህ ማሽን ቤተሰብ ጋር ነው የወጣው።

ቪጂኤ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ የራስን ፊደል መጫን ይፈቅዳል፤ የእያንዳንዱ ፊደል ሥዕል ወርዱ 8፣ ቁመቱ 16 ነጥብ ነው። ተማሪዎቹ ባለካሬ ደብተር ላይ የግዕዝ ፊደላትን መሳል ጀመሩ። «ሀ» እና «ለ» ቀለሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ጤ» ላይ ብዙ ደከመች፤ ሦስቱ እግሮች ወርዱን ጨርሰውት ቀለበቷ የምታርፍበት አጣች። በመጨረሻ ግራና መሐል እግሩን አቀራርባ ቦታ አወጣችላት።

33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ። አንድ የፊደል ሰንጠረዥ 256 ብቻ ስለሚይዝ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና የላቲን ፊደላት ሲጨመሩ ይሞላል። ቪጂኤ ሁለት ሰንጠረዥ፣ ማለትም 512 ፊደል፣ በአንዴ ማሳየት ስለሚችል በ2018 ዓ.ም. በዚያ በኩል እንሞክራለን። ያልተጻፈበት ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ቤት ውስጥ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ እጅ ብትልኩልን ክበቡ በምስጋና ይቀበላል።