ልጆቻችንን ወደ ኦስቦርን ለመውሰድ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆችና የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ወዳጆች፣

ባለፈው መንፈቅ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ስናስተምር፣ ከመቅደላ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የ7 ዓመት ሕፃን፣ በአይል ኦፍ ዋይት ደሴት ከሚገኘው ኦስቦርን ቤት ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት መቅረቡን ተረክንላቸው። በዚያው ዕድሜ ያለች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ እዚያ ምን አበሉት?» አለች። ጥያቄዋ ክፍሉን ሁሉ ከእልፍኙ ወደ ማድቤቱ፣ ከማድቤቱም ወደ ጓሮው ይዞት ወጣ።

ስለዚህ 32 ተማሪዎችን በመጪው ግንቦት ወደ ኦስቦርን ለመውሰድና፣ ከምንከራየው አዳራሽ ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ ሁለት የአትክልት መደቦች ለማዘጋጀት አስበናል።

በኦስቦርን፣ ስዊስ ኮቴጅ በሚባለው የእንጨት ቤት አጠገብ፣ ዘጠኙ የንግሥቲቱ ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መደብ ነበራቸው። የእጅ ጋሪዎቻቸው በልጅ ቁመት ልክ ተሠርተው የየስማቸው መነሻ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ያበቀሉትንም አትክልት አባታቸው ልዑል አልበርት በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ይህ ግን የጨዋታ እርሻ ነው። በዘመኑ የመኳንንት ቤቶች እውነተኛው ጓሮ በረጅም የጡብ ግንብ የታጠረ ነበር፤ ግንቡ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት እየመለሰ፣ ተደግፈውት የተዘረጉትን የፒር ዛፎች ከውርጭ ይጠብቃል። በመስታወት ላይ የተጣለው ግብር በ1845 ከተነሣ ወዲህ የመስታወት ቤቶች በረከቱ፤ በእነርሱም ውስጥ ወይንና አናናስ ሳይቀር ይበቅል ነበር። ለዚህ ሲባል ከግንቡ ሥር የሚያድሩ ወጣት ሠራተኞች በውድቅት ሌሊት እየተነሡ የመስታወት ቤቶቹን በሚያሞቀው ምድጃ ከሰል ይጨምራሉ። ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆችም ሥራውን የሚጀምሩት የሸክላ ማሰሮ በማጠብ ነበር። በእንግሊዝ ትምህርት በመላው አገር ግዴታ የሆነው በ1880 ሲሆን፣ ያም እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ዕድሜያቸውን መቁጠራቸው አይቀርም።

አንዳንድ ወላጆች «የእኛን ልጅ ስለ እንግሊዝ ጌቶች ቤት ማስተማር ምን ይሠራል?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መቅደላን የዘረፈው ጦር የዚችው ንግሥት ጦር ነበርና። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞቶ በዊንድዘር የተቀበረ፣ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በእኛ አስተያየት፣ ልጆቹ እርሱን ከአንድ ያዘነ ፎቶግራፍ አውጥተው ሊያስቡት የሚችሉት ያደረበትን ዓለም ከነጓዳው ሲያዩት ነው።

ለአውቶቡስ ኪራይ፣ ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኢስት ካውስ ለሚያሻግረው ጀልባ፣ ለአፈርና ለመሣሪያ በድምሩ 2,400 ፓውንድ ያስፈልጋል፤ እስካሁን 900 ተሰብስቧል። መዋጮውን ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለገንዘብ ያዣችን በደረሰኝ ማስረከብ ይቻላል። በረንዳቸው ላይ ጎመንና በሶብላ የሚያበቅሉ እናቶች (ከማናችንም የተሻሉ መምህራን እነርሱ ናቸው) ዘርና ጥቂት ሰዓት ቢለግሱን ከገንዘብ አሳንሰን አናየውም። ልጆቻችሁን የጠበቧቸው የዝናብ ቦቲዎችም ካሉ አትጣሏቸው፤ በተለይ ከ28 እስከ 34 ቁጥር ያሉት አጥረውናል።