ለፍሬን ሸራ ገብቼ የፓምፕ ሂሳብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሁሉ የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። በከባድ ማርሽ ብትወርድም ፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል። እኔም ሸራ ላስቀይር ጋራዥ ገባሁ፣ 8 ሺህ ብር ይበቃል ተባልኩ። ማታ ስመለስ ሂሳቡ 23 ሺህ! የፍሬን ፓምፑ ያፈስ ስለነበር ቀይረነዋል አሉኝ። ያፍስ ይሆናል፣ አልክድም፤ ግን ስልክ ቁጥሬ እጃቸው ላይ እያለ አንዴ ደውሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

መካኒኩ «ጋሼ፣ ዕቃው እኮ በዶላር ነው የሚመጣው» ይለኛል። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ እንደተወደደ እኔም አላጣሁትም። ባለቤቱን ሳትጠይቁ ቀይሩ ያለው ግን ዶላር አይደለም። አሮጌውን አሳዩኝ ስል ከክምሩ ውስጥ ግሪስ የተለቀለቀ ፓምፕ መዘው አወጡ፤ የኔ ይሁን የሌላ ሰው አላህ ይወቀው። ደረሰኝ ስል ደግሞ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ አንድ ላይ የተደመረበት ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ተከራክሬ 3 ሺህ ተቀነሰልኝ፣ የቀረውን ከፈልኩ። ቁልፉ እነሱ ጋ ነው፣ ምን ላድርግ?

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ታዲያ የከተማችን ንግድ መምሪያ ጋራዦች ሥራ ሳይጀምሩ ዋጋውን በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ የሚጨመር ነገር ሲኖርም ባለመኪናውን እንዲያስፈርሙ ለምን አያደርግም? መልሳቸውን ብታወጡልን ብዙ ሰው ያነበዋል።

አንድ አሽከርካሪ፣ ከደሴ