እልልታው ከምስሉ ቀድሞ ደረሰ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ተዳረች። ሠርጉ የተደገሰው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አዳራሽ ነበር። ዋናው አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ በዚያ ቀን አልሠራም። ስለዚህ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አረጋውያን ምድር ቤት ባለው ክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ። የ84 ዓመቷ እናቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥሁ። ግድግዳው ላይ ሦስት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለዋል። «አይዟችሁ፣ ሁሉም ነገር በቀጥታ ይታያችኋል» ተባልን።

ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ላይኛው ፎቅ በእልልታ ተናወጠ። ድምፁ በደረጃው ወርዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። በቴሌቪዥኑ ግን ሙሽሮቹ ገና እየተራመዱ ነው። እናቴ «ምን ተደረገ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጉልበት መሳሙ በምስል መጣ። ያን ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ እልል አለች፤ ብቻዋን። ላይ ያሉት ጨርሰው ለምሳ እየተነሡ ነበር። ሙሽራዋ በኋላ ወርዳ ጉልበቷን ስማታለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ያቺ ብቸኛ እልልታ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝም እርሷ ናት።

መተዳደሪያዬ ቴሌቪዥንና ዲሽ መጠገን፣ ገመድ መዘርጋት ስለሆነ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ካሜራው የሚቀርጸው ምስል በስልክ ኢንተርኔት ወደ አንድ ማኅበራዊ ገጽ ይላካል፤ የምድር ቤቱ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ያንኑ ገጽ ከፍተው ይቀበላሉ። ሦስት ፎቅ ለመውረድ ምስሉ ከሕንፃው ወጥቶ፣ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ዘንድ ደርሶ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ይጨመቃል፤ እንዳይቆራረጥም ሲባል እየተጠራቀመ ይቆያል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ ይህ መንገድ መልካም ነው፤ እርሱ እልልታውን ከደረጃው ስለማይሰማ ግማሽ ደቂቃ ምኑም አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ላለ እንግዳ ግን ሠርጉን ያለፈ ወሬ ያደርግበታል።

ቪዲዮ ቀራጮቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ወደ ኢንተርኔቱ የሚሸሹት አብዛኛውን ጊዜ የገመድ መንገድ ስላጡ ነው። ከካሜራው የሚወጣው፣ ምስልና ድምፅ ወደ ቴሌቪዥን የሚያደርሰው የተለመደው የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ወይም ከ15 ሜትር ካለፈ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። ባለከፍተኛ ጥራት ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ ይህ ሁሉ በየሰከንዱ 25 ወይም 50 ጊዜ እየታደሰ ሲሄድ ቀጭኑ ገመድ እስከ ሩቅ ሊያደርሰው አይችልም። እንደ አንቴና ሽቦ ቀጥሎና ቆርጦ ለብዙ ቴሌቪዥን ማካፈልም አይቻልም።

መፍትሔው ግን አዲስ ግኝት አይደለም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዓመታት የሠሩበት ኤስዲአይ የሚባል አሠራር አለ፤ የዲሽ ኬብል በሚመስል ደህና ገመድ ላይ ይህን ምስል እስከ 100 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ጫፉ ተጠምዝዞ ስለሚቆለፍ ልጅ ቢደናቀፍበትም በቀላሉ አይነቀልም። ካሜራው ይህ መውጫ ከሌለው አጠገቡ ኤችዲኤምአዩን ወደ ኤስዲአይ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ይደረጋል፤ ምድር ቤት ሲደርስ ወደ ኤችዲኤምአይ ተመልሶ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ስፕሊተር ለቴሌቪዥኖቹ ይከፋፈላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከቴሌቪዥኖቹ አንዱ አሮጌ ከሆነ ስፕሊተሩ ሁሉንም ወደ እርሱ አቅም ሊያወርዳቸው ይችላል። በየክፍሉ የአንቴና ኬብል የተዘረጋለት ሆቴል ደግሞ ዲጂታል ሞዱሌተር ገዝቶ የካሜራውን ምስል አንድ ቻናል ሊያደርገው ይችላል፤ በክፍሎቹ ያሉት ቴሌቪዥኖች ሞዱሌተሩ የሚያወጣውን የሥርጭት ዓይነት የሚቀበሉ ከሆነ ቻናሉን ፈልገው ይከፍታሉ። ይህኛው ጥቂት ይዘገያል፤ ሆኖም ከግማሽ ደቂቃ ጋር አይወዳደርም። የሰከንድ ሽራፊ ማንንም አያስቀይምም፤ በ34 ሜትር አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ራሱ ከፊት እስከ ኋላ ለመድረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል።

ካነሣሁት አይቀር፣ ዘመድ ከአሜሪካ በላከው ካሜራ ለሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር ልንገራቸው። እዚያ የመብራቱ ኃይል 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ዙር)፣ እኛ ዘንድ 50 ነው። ካሜራውን በሰከንድ ወደ 25 ወይም 50 ምስል ካላዞሩት በአንዳንድ የአዳራሽ መብራቶች ሥር ምስሉ ሲርገበገብ ይውላል።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ለአዳራሽ ባለቤቶችና ሕንፃ ለሚነድፉ መሐንዲሶች ነው። አዳራሽ ሲሠራ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለድምፅ ማጉያ መስመር ይታሰባል። ከመድረኩ እስከ ጎን ክፍሎቹና እስከ ምድር ቤቱ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ገመድ መሳቢያ ሲባጎ ገብቶበት፣ ለምን አይቀበርም? ግድግዳው ሳይለሰን ከሆነ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከተለሰነ በኋላ ግን መሰርሰር፣ ማፍረስ፣ እንደገና መቀባት ይመጣል፤ ማንም አይደፍረውም። ስለዚህም በየሠርጉና በየሐዘኑ ከምሶሶ ጀርባና በጎን ክፍል የሚቀመጡት ሰዎች፣ አብዛኞቹም አረጋውያን፣ የድግሱ ተካፋይ ሳይሆኑ ይመለሳሉ። እንግዳ ጠርቶ እንዲህ ማስቀመጥ በእኛ ባህል ነውር ነው። ድግስ ያለባችሁም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ምስሉ ወደ ጎን ክፍሉ የሚደርሰው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተነሥታችሁም በዓይናችሁ እዩ።

የእኅቴ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። የተከራየነውን አዳራሽ ባለፈው ቅዳሜ በሜትር ለካሁት፤ ከመድረኩ በደረጃው በኩል እስከ ምድር ቤቱ ክፍል 62 ሜትር ነው። ቱቦ እንዳለው ኃላፊውን ብጠይቀው የለም አለኝ። ስለዚህ 80 ሜትር ገመድ ገዝቻለሁ፤ በኋለኛው መስኮት አወርደዋለሁ። ሠርጉ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ቴሌቪዥኖቹን አብርቼ እሞክራለሁ፤ አንድ ልጅ ላይ ሆኖ ሲያጨበጭብ እኔ ታች ሆኜ አያለሁ።

የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ፣
ከአዲስ አበባ